ድራፍቱን ሳታዩ ሌባ አትበሏቸው

ሰላም አዘጋጆች፣ ተማሪዎች የሰው ጽሁፍ እየገለበጡ ስለማምጣታቸው ያወጣችሁትን አነበብኩት፣ መፍትሄው ጠንካራ ሶፍትዌርና ከባድ ቅጣት ነው የሚለው ላይ ግን አልተስማማሁም። እኔም አስተማሪ ነኝ፣ ለብዙ አመት ያደረኩት እሱኑ ነበር፣ አሳይመንት እሰጣለሁ መጨረሻ ላይ እቀበላለሁ ቱርኒቲን ላይ (ጽሁፉ ከሌሎች ጽሁፎች ጋር ስንት ፐርሰንት እንደሚመሳሰል የሚያሳይ ሶፍትዌር ነው) እጭናለሁ፣ ፐርሰንቱ ከበዛ ዜሮ። ልጁ ከዚህ ምን ተማረ? በሚቀጥለው ቃላቱን እየቀያየረ መገልበጥ!

ደሞ ያ ፐርሰንት መመሳሰልን ነው እንጂ ስርቆትን አይለካም፣ በአግባቡ የተጠቀሰውንና የሪፈረንስ ዝርዝሩንም ካላስወጣነው አብሮ ይቆጥራል። ኤአይ የጻፈውን እንለያለን የሚሉትም ያው ናቸው፣ ኦፕንኤአይ ራሱ ለዚህ ያወጣውን መሳሪያ በትክክል አይለይም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2023 አንስቶታል፣ ቻትጂፒቲን የሰራው ያልቻለውን እኔ ከየት አመጣዋለሁ።

አሁን አሳይመንቱ ግማሽ ላይ ሲደርስ ድራፍት፣ ማለትም ገና ያላለቀውን ረቂቅ አስመጣለሁ፣ ማርክ የለውም። አንዷ ተማሪዬ ያመጣችው ሲንገዳገድ ቆይቶ ሶስተኛው አንቀጽ ላይ ድንገት የፕሮፌሰር ቋንቋ ሆነ። ጠርዙ ላይ "ይሄን ወረቀቱን ሳታዪ በራስሽ አፍ ንገሪኝ" ብዬ ጻፍኩ፣ መጣች፣ አልቻለችም። ለካ ከኢንተርኔት ያገኘችውን ሁሉ ማስታወሻዋ ላይ ፔስት እያደረገች የራሷንም እዛው እየጻፈች፣ ከሳምንት በኋላ የቱ የማን እንደሆነ ጠፍቷት ነው። የሌላ ሰው የሆነውን በሌላ ቀለም አድርጊ፣ ከየት እንዳመጣሽውም አጠገቡ ጻፊ አልኳት፣ አለቀ። የመጨረሻው ወረቀቷ ቋንቋው ሻካራ ነው ግን የሷ ነው፣ መጨረሻ ላይ ብቻ ባየው ኖሮ ሌባ ብዬ ፋይሏን አበላሽ ነበር።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ድራፍት ላይ ሰዋስው አታርሙ! እኔ መጀመሪያ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አጥለቅልቄ እመልስ ነበር፣ ቋንቋዬ አይረባም ብሎ የፈራ ልጅ ደሞ የተሻለ የሚጽፍ ሰው ፍለጋ ነው የሚሄደው። "ይሄን ማን አለ? አንተስ ትስማማለህ?" ይበቃል።

ተማሪው ብዙ ነው ጊዜ የለም ለምትሉ፣ እኔም ሁሉን አላነብም፣ ከእያንዳንዱ አንድ ገጽ ነው የማየው፣ ኋላ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ስቀመጥ ከማጠፋው ጊዜ ያንሳል።

ሙሉ ወረቀት በብር አስጽፎ የሚያመጣም አለ፣ እሱን ቅጡት፣ አልከራከርም።

አንድ አስተማሪ