የጠጅ ሳር ዘይት አጎበርን አይተካም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሰሞን ስለ ጠጅ ሳርና ባሕር ዛፍ ዘይት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ዝም ማለት ከበደኝ። ደስ የሚል ጽሑፍ ነው፣ አልዋሽም። ግን ቢምቢ ያባርራል ብላችሁ ለስንት ሰዓት እንደሆነ ሳትነግሩን አለፋችሁ። እኔ ኮምቦልቻ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፤ እናንተ የጻፋችሁት ነገር በማግስቱ ጥያቄ ሆኖ እኔ ጋ ይመጣል።

ዕፅዋቶቻችን ይሠራሉ፣ እዚህ ላይ ጠብ የለንም። ወሎ ውስጥ አሪቲና ጠጅ ሳር ያልሸተተበት ዓውደ ዓመት የት አለ? አደስ ያልገባበት የራስ ቅቤስ ለእናቶቻችን ቅቤ ነው እንዴ? ሽታው ቅጠሉ ውስጥ ካለው ዘይት ነው የሚመጣው። ቢምቢ ሰውን የምታገኘው በትንፋሽና በላብ ሽታ ስለሆነ ዘይቱ ያምታታባታል። የደጋው ጦስኝማ ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ነገሮች አሉት፤ የባክቴሪያን ሽፋን ያፈርሳሉ፣ ታይሞል አፍ መጉመጥመጫ ውስጥ የሚገባውም ለዚሁ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ባክቴሪያ ገደለ ማለት ግን የልጅን ቁስል ያድናል ማለት አይደለም።

ችግሩ ያው ሽታው ነው። የሚሸተን ከቆዳችን ላይ እየተነነ ስለሆነ፣ ተኖ ሲያልቅ መከላከያውም አብሮ ያልቃል። የጠጅ ሳር ዘይት ብዙ ጊዜ ሁለት ሰዓት እንኳ አይቆይም። የወባ ትንኝ ደግሞ ሥራዋ በአብዛኛው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ተቀብቶ የተኛ ሰው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ማን ይጠብቀዋል? ሐርቡ፣ ከሚሴ፣ ባቲና ቆቦ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ በዚህ ነገር አይቀለድም። አጎበሩ ይዘርጋ። ዘይቱ ደጅ ቁጭ ብሎ ቡና ለመጠጣት ይሁን።

ባሕር ዛፍ ስትሉስ የትኛውን ነው? እኛ ጋ የሞላው የነጭ ባሕር ዛፍ ዘይት በአብዛኛው ሲኒኦል የሚባል ነገር ነው፤ ከዚህ በታች የምለው ግን ሌላ ነው። ውጭ አገር ለትንኝ ማባረሪያ የተፈቀደው ሎሚ ሎሚ ከሚሸተው ባሕር ዛፍ ተጣርቶ የሚዘጋጅ፣ ትንኝ የሚያባርር ፒኤምዲ የሚባል ነገር ያለበት ነው፤ እሱንም ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አትቀቡ ይላሉ።

የሚያናድደኝ ደግሞ ገበያው ነው። ምንም ያልተጻፈበት ጠርሙስ ተፈጥሯዊ ነው እየተባለ ይሸጣል። በቀደም አንዲት እናት የሕፃን ልጇን ደረት በዚህ ቀብታ፣ ቆዳው ቀልቶ ስታለቅስ መጣች። ምን ይፈረድባታል፣ ቅጠሉን ከልጅነቷ ታውቀዋለች። ግን ከ100 ኪሎ ርጥብ ጠጅ ሳር የሚወጣው ዘይት ብዙ ጊዜ አንድ ኪሎ አይሞላም፤ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ያ ሁሉ ቅጠል ተጨምቆ ነው። የባሕር ዛፍ ዘይት ደግሞ ሕፃን ከዋጠው ጥቂት ሚሊ ሊትሩ ራሱ ሊያንፈራግጠው ይችላል።

እና እባካችሁ ቀጣዩን ስታወጡ መጠኑንም ጻፉልን። ለአዋቂ በአንድ የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይት ስድስት ጠብታ ያህል የጠጅ ሳር ዘይት ይበቃል፤ መጀመሪያ ክንድ ላይ ትንሽ ሞክሮ እስከ ማግስቱ ማየት ነው። ወንዶ ገነት የምርምር ማዕከል በነዚህ ዕፅዋት ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ፤ ደውላችሁ ጠይቋቸውና እነሱ የሚሉትን አስነብቡን።

አንባቢያችሁ፣ ከኮምቦልቻ