ሲስተም የለም ሲሏችሁ ተቆልፎም ሊሆን ይችላል

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

እንደምን ከረማችሁ። ስለ ሀከርና ስለ ኦንላይን ሌብነት ሲጻፍ ሁሌ የማየው ምክር "ፓስወርድህን ጠንካራ አድርግ፣ ለማንም አትስጥ" የሚል ነው፣ ጣጣው ሁሉ ተጠቃሚው ላይ ነው የሚደፈደፈው። ሲስተሙን ገዝቶ የሚያስተዳድረው አካል ምን እያደረገ ነው የሚል ግን የለም። እኔ ብዙ ሰው በአንድ ሰርቨር የሚሰራበት ቢሮ ውስጥ አይቲ ነኝ፣ እና ስለዚህ "ሦስቴ ከተሳሳትክ አካውንትህ ይቆለፋል" ስለሚሉት ነገር ትንሽ ልበል።

መስኮት ጋ ቆማችሁ "ሲስተም የለም" ስትባሉ ሁልጊዜ ኔትወርክ ወይ መብራት እንዳይመስላችሁ። ሰራተኛዋ ደብዳቤ ስትጽፍ ቆይታ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንደቀረ ፓስወርዷን ትመታለች፣ የሚታያት ነጠብጣብ ብቻ ስለሆነ ምን እንደጻፈች አታውቅም፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ ከዛ ጥርቅም። የሚከፍትላት አድሚን (ሲስተሙን የሚያስተዳድረው ሰው) ስብሰባ ላይ ነው። ሰልፉ በር ደርሷል፣ ሰው ማጉረምረም ጀምሯል። ምን ታድርግ? ወደ ጎን ዞራ "እስቲ ባንቺ ገብቼ የኚህን አባት ብቻ ልጨርስላቸው" ትላለች፣ ያቺም ይሉኝታ ይዟት ፓስወርዷን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ትሰጣታለች፣ ወረቀቷም ኪቦርድ ስር ገብታ እዛው ትቀራለች። ከዛ ወዲያ ሁለት ሰው በአንድ አካውንት ነው የሚሰራው። ነገ ብር ቢጎድል ኦዲተሩ የሚያየው ሎጉ (ማን መቼ ገብቶ ምን እንደሰራ የሚመዘግበው ፋይል) ላይ ያለውን ስም ነው፣ ስለዚህ መልስ አምጪ የምትባለው ያቺ ደግ ጎረቤት ናት።

ደሞ የቢሮ ዩዘርኔም አብዛኛውን ጊዜ ስም ነጥብ የአባት ስም ነው አይደል፣ ከኔ ጋር የተኳረፈ ሰው ወር መዝጊያ ላይ በኔ ስም ሦስቴ የሆነ ነገር ቢነካካ እኔ ስራ ፈትቼ ዋልኩ ማለት ነው። ለዚህ ሀከር መሆን አያስፈልግም፣ ቂም ይበቃል።

ብዙ ሰርቨር የሚሰራበት ሊኑክስ የሚባል ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ ፌይልሎክ የሚባለው መቆለፊያ ካልነካካችሁት በ3 ስህተት ይቆልፍና ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱ ይከፍታል። እኛ ጋ ግን "አድሚን እስኪከፍት" የሚለው ነው የሚመረጠው፣ ጥብቅ ስለሚመስል መሰለኝ። የአሜሪካው የስታንዳርድ ተቋም ኒስት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ የተከታታይ ስህተት ጣሪያው 100 ነው ያለው፣ መቶ! ፓስወርዱ ወጥቷል የሚያሰኝ ነገር ካልታየ በቀር ሰውን በየጊዜው ቀይር ብላችሁ ባታስገድዱ ይሻላል ብሏል። (እኛ ቢሮ በየወሩ ነው፣ ሰዉም መጨረሻ ላይ ያለችውን 1 ወደ 2፣ 2ን ወደ 3 እያደረገ ይኖራል።)

እሺ ይቆለፍ እንበል። መቆለፍ የሚጠቅመው በበሩ፣ ማለት ፓስወርድ በሚሞላበት ገጽ፣ ለሚመጣው ነው። የፓስወርዱን ፋይል ይዞ የሄደ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሚሊዮን ጊዜ ቢሞክር ማን ይቆልፍበታል? ይሄ ደግሞ ዛሬ የመጣ ችግር አይደለም። ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲቲኤስኤስ የሚባል ብዙ ሰው የሚጋራው ሲስተም ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1962 አላን ሸር የሚባል የዶክትሬት ተማሪ በሳምንት የተፈቀደለት 4 ሰዓት አልበቃው ሲል፣ ፋይል አትሙልኝ ተብሎ የሚጠየቅበት ካርድ ላይ የፓስወርዱን ፋይል ስም አስገብቶ አርብ ማታ ሰጠ፣ ቅዳሜ በጠዋት ሄዶ የሁሉንም ሰው ፓስወርድ ታትሞ አገኘው። ምንም አልሰበረም፣ ጠየቀ ሰጡት። እ.ኤ.አ. በ1966 ደሞ እዛው ሲስተም ላይ ሁለት ፋይል ተቀያይሮ፣ ሎግኢን ላደረገ ሁሉ በእለቱ መልእክት ፋንታ የሰው ሁሉ ፓስወርድ ይወጣለት ጀመር።

መፍትሄውም ቆይቷል። ዩኒክስ በሚባለው የድሮ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1979 እንደጻፉት ፓስወርዱ ራሱ አይቀመጥም፣ ወደኋላ የማይመለስ ሀሹ (ከፓስወርዱ ተሰልቶ የሚወጣ የፊደልና የቁጥር ድርድር) ነው የሚቀመጠው፣ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ሶልት (የሁለት ሰው ፓስወርድ ቢመሳሰል እንኳ ሀሹ እንዳይመሳሰል የሚገባ የዘፈቀደ ቁጥር) ይጨመርበታል፣ ስሌቱም የሚገምተው ሰው እያንዳንዱ ሙከራ ጊዜ እንዲበላበት ሆን ተብሎ እንዲንቀራፈፍ ይደረጋል። እነሱው ከሰበሰቡት 3,289 ፓስወርድ ውስጥ 2,831ዱ አጭር ወይ መዝገበ ቃላት ውስጥ ያለ ቃል ስለነበር በቀላሉ የሚገኝ ሆኖ አግኝተውታል፣ ለዛም ነው መንቀራፈፉ ያስፈለገው። እ.ኤ.አ. በ1999 የመጣው ቢክሪፕት የሚባለው የሀሽ ማውጫ ዘዴም ኮምፒውተር በፈጠነ ቁጥር ስሌቱን ይበልጥ ማዝገም እንዲቻል ተደርጎ ነው የተሰራው፣ በነፃ ነው፣ ማንም ፕሮግራመር በቀላሉ ይጠቀመዋል።

ታዲያ ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት "ፓስወርዴን ረሳሁ" ብዬ ስጫን የድሮውን ፓስወርዴን እንዳለ በኤስኤምኤስ ላከልኝ። የድሮውን መላክ ከቻሉ ቁጭ አድርገው ያነቡታል ማለት ነው። እናንተም ሞክሩት፣ አዲስ እንድታወጡ ሊንክ ከላኩላችሁ ደህና ነው፣ የራሳችሁን ከመለሱላችሁ ግን ያንን ፓስወርድ ሌላ ቦታ ከተጠቀማችሁበት ዛሬውኑ ቀይሩ።

ስራ የለቀቀ ሰው አካውንትስ? ሊኑክስ ላይ ፓስወርድ "ሲቆለፍ" ሀሹ ፊት ቃለ አጋኖ ይደረጋል እንጂ ሌላ የሚሆን ነገር የለም፣ ሰውዬው ኤስኤስኤች ቁልፍ (ያለ ፓስወርድ ከሩቅ ሰርቨር ውስጥ የሚያስገባ ፋይል) ካለው አሁንም ሊገባ ይችላል፣ አካውንቱ ራሱ ጊዜው እንዲያልፍ ካልተደረገ በቀር። ይሄን የማያውቅ አድሚን ስንት አለ መሰላችሁ።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ የሰው ዳታ የያዘ ሁሉ የመጠበቅ ግዴታ አለበት። እናንተ ጋዜጠኞች ደሞ አዲስ ሲስተም ሲመረቅ ሪባን ሲቆረጥ ፎቶ ልታነሱ ትሄዳላችሁ። እስቲ እዛ ቆማችሁ ኃላፊውን ጠይቁልን፦ ፓስወርድ ሀሽ ተደርጎ ነው የሚቀመጠው ወይስ እንዳለ? የተቆለፈ አካውንት በስንት ደቂቃ ይከፈታል፣ አድሚኑ ከሌለስ? የለቀቀ ሰራተኛ አካውንት በስንተኛው ቀን ነው የሚዘጋው? መልሱን እንደወረደ አትሙት፣ "ባለሙያዎቻችን ያውቁታል" ካለም እሱኑ አትሙት።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከመገናኛ፣ አዲስ አበባ