ለጎሽ ጠመንጃ መነጽር ለምታዙ ደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ወደ ታንዛኒያ ወይም ወደ ዚምባብዌ ለጎሽ አደን ስትዘጋጁ ለ.375 ወይም ለ.416 ጠመንጃችሁ (ቁጥሩ የጥይቱ ውፍረት በኢንች ነው) የምታዙን መነጽር አብዛኛውን ጊዜ 3-9×40 (ከ3 እስከ 9 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ) ወይም 4-16×50 ነው። ዝም ብለን ከመግጠም ይልቅ ለምን ስልክ እንደምንደውል የሚጠይቁን ስለበዙ መልሱን በጽሑፍ አድርገነዋል። ውድ ዕቃ ልንሸጥላችሁ አይደለም፤ የምንመክረው ካዘዛችሁት አነስ የሚለውን ነው።

ጎሽ ባብዛኛው ከ30 እስከ 80 ሜትር ላይ ይተኮሳል። ቆስሎ ጥሻ የገባ ጎሽ ግን 15 ሜትር ላይ ፊት ለፊት ሊወጣባችሁ ይችላል። 3 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር 100 ሜትር ላይ የሚያሳየው ስፋት 11 ሜትር ያህል ነው፤ 15 ሜትር ላይ ሲደርስ አንድ ሜትር ከስድሳ ብቻ ይቀረዋል። ሌንሱ በጥቁር ቆዳ ይሞላና ትከሻው ይሁን ሽንጡ አይለይም። በ1 እጥፍ ግን እዚያው ርቀት ላይ ከአምስት ሜትር በላይ ይታያል፤ ሁለቱንም ዓይን ገልጦ ማነጣጠርም ይቻላል። ስለዚህ መነጽሩን የምንመርጠው በትንሹ ቁጥር ነው። 1-4×24፣ 1-6×24 ወይም 1.5-5×20 ይበቃል። በ4 እጥፍ 150 ሜትር ላይ የቆመ ጎሽ ትከሻው አይጠፋም፤ ከዚያ ርቆ ከሆነ ደግሞ ጠጋ ማለት ነው።

ቀጥሎ ቅንድባችሁ አለ። የ.375 ኤች ኤንድ ኤች ርግጫ የተለመደውን የአደን ጥይት የ.30-06ን እጥፍ ያህላል፤ የ.416 ሪግቢ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ከኋላ ሌንስ እስከ ዓይን ያለው ክፍተት ቢያንስ 90 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ 100 ቢሆን ይመረጣል። ካታሎጉ ላይ «ከ75 እስከ 95» ተብሎ ከተጻፈ 75ቱን እመኑ፤ ጉላቱ ሲጨምር ክፍተቱ የሚያጥርባቸው ብዙ መነጽሮች አሉና። ክፍተቱን የምትለኩት ጃኬት ለብሳችሁ፣ ቆማችሁ፣ ጠመንጃውን በተኩስ ምርኩዝ ላይ አሳርፋችሁ ነው። ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ የሚተኩስ ሰው አንገቱ ሳያስበው ወደ ሌንሱ ይሳባል፤ ብዙ ቅንድብ የሚተረተረው ጫካ ሳይደርስ፣ እዚያው መለማመጃው ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ፤ ወደ ማሰሪያው። ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲወረወር መነጽሩ ባለበት መቅረት ይፈልጋል። አብሮ እንዲሄድ የሚያስገድዱት ቀለበቶቹና ብሎኖቹ ናቸው። 700 ግራም የሚመዝን መነጽር ብሎኑን የሚጎትትበት ኃይል 300 ግራም ከሚመዝነው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ከ300 ግራም በታች የሆነው የሊዩፖልድ 1.5-5×20 በከባድ ጠመንጃ ላይ የሚወደደው አንድም ለዚህ ነው። ብዙ ጠመንጃዎች ከፋብሪካ የሚወጡት 6-48 በሚባለው፣ 3.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ብሎን ነው። ለ.375 ሊበቃ ይችላል፤ ከ.416 ጀምሮ ግን ቀዳዳውን አስፍተን 4.2 ሚሊ ሜትር የሆነውን 8-40 እንድናስገባ ፍቀዱልን። ሲዜድ 550 የሚባለው ጠመንጃ ያላችሁ ከዚህ ሐሳብ ነፃ ናችሁ፤ የቀለበቱ መያዣ ከጠመንጃው ብረት ጋር አንድ ሆኖ የተቀረጸ ነው።

ራሳችሁ የምትገጥሙ ከሆነ ብሎኑንም ቀዳዳውንም በአሴቶን ከዘይት አጽዱ። ሰማያዊውን የብሎን ማጣበቂያ ቀለበቱ ለሚቀመጥበት ለታችኛው መሠረት ብሎን ብቻ፣ አንድ ጠብታ ተጠቀሙ። የቀለበት ብሎን ላይ አታድርጉ፤ ክሩን እንደ ዘይት ስለሚያንሸራትተው በልኩ ያጠበቃችሁ መስሏችሁ ታልፋላችሁ፣ ቱቦውም ይጨመቃል። የቀለበት ብሎን በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) አብዛኛውን ጊዜ ከ1.7 እስከ 2.3 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል፤ አምራቹ ሌላ ቁጥር ከሰጠ የሱን ተከተሉ። ከዚያ ከቀለበቱ ኋላ ጠርዝ ጋር አስጠግታችሁ ቱቦው ላይ በእርሳስ ቀጭን መስመር አስምሩ። ከአምስት ጥይት በኋላ መስመሩ ቀለበቱ ሥር ከገባ መነጽሩ ወደ ፊት እየተንሸራተተ ነው።

ቀለበቶቹ የሚታሰሩበት ረጅም ባለ አንድ ወጥ ሐዲድ በጎሽ ጠመንጃ ላይ አንወድም። የካዝናውን አፍ ከላይ ስለሚሸፍን፣ በጥድፊያ ጥይት በአውራ ጣት ስትጨምሩ እጃችሁ ይጋጫል። ሁለት ለየብቻ የሆኑ አጫጭር መሠረቶች ይሻላሉ። ቀለበቱም ዝቅ ያለ ይሁን፤ የመነጽሩ መሐል ከአፈሙዙ መሐል በ4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ 75 ሜትር ላይ ዜሮ የተያዘ (ያነጣጠሩበትን እንዲመታ የተስተካከለ) .375፣ 10 ሜትር ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል። ቁመቱ 6 ከሆነ ዝቅታው ወደ 5 ይጠጋል። ለጎሽ ደረት ምንም አይደለም፤ የዝሆን አንጎል ለሚፈልግ ግን ነው።

በእጅ ማንሻ ፈጥኖ የሚፈታ ቀለበት (እንደ ታሊ ያለ) ውሰዱ። ሌንሱ ቢሰነጠቅ ወይም ጭጋግ ቢይዘው አውልቃችሁ በብረት ማነጣጠሪያው ትቀጥላላችሁ። ስለዚህ የብረት ማነጣጠሪያውም ዜሮ ይያዝ፤ ይህን የሚረሳ ብዙ ነው።

ምልክቱ ወፍራም መስቀል ሆኖ መሐሉ ላይ በቀን ብርሃን የሚታይ ቀይ ነጥብ ቢኖረው መልካም ነው። ጉላቱ ሲቀንስ አብሮ የሚቀጥን ምልክት አትውሰዱ፤ በ1 እጥፍ ፀጉር ያክላል፣ እናንተ የምትፈልጉት ደግሞ በ1 እጥፍ ነው። የትሪጂከን አኪውፖይንት 1-4×24 ያለ ባትሪ ያበራል። ሌሎቹን ከያዛችሁ መለዋወጫ ባትሪ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር።

ለነብር ይህ ሁሉ አይሠራም። ማባበያ ሥጋ ላይ፣ ሊመሽ ሲል፣ ከ50 እስከ 70 ሜትር ስለሚተኮስ 2.5-10×50 የመሰለ ትልቅ የፊት ሌንስ ያስፈልገዋል። ጎሽም ነብርም ፈቃድ ያወጣችሁ ሁለት መነጽር በየራሳቸው ቀለበት እንገጥምላችኋለን፤ የሁለቱን ዜሮ ግን ስትቀያይሩ በተኩስ አረጋግጡ። በአውሮፕላን ከተጓዘ በኋላ አንድ መነጽር ብቻ ቢሆንም ካምፕ ስትደርሱ ሦስት ጥይት ወረቀት ላይ ተኩሱ።

ትዕዛዝ ስትልኩ የጠመንጃውን ሞዴል፣ የጥይቱን ዓይነትና ክብደቱን በግሬን (በጥይት መመዘኛው)፣ የምትሄዱበትን አገርና አውሬውን ጻፉልን። ዚምባብዌ ለጎሽና ለዝሆን ከ9.2 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ጥይት ስለማትፈቅድ፣ መነጽር ከመምረጣችን በፊት ይህን እናያለን። ለመግጠም ጠመንጃውን የምታመጡ፣ በር ላይ ከመድረሳችሁ በፊት ካዝናውንና የጥይት ቤቱን ባዶ አድርጉ፤ ቦልቱን (የጥይት ቤቱን መዝጊያ) ለብቻ ይዛችሁ ኑ።

ከአክብሮት ጋር፣
የመነጽር መግጠሚያ ክፍል