ለልጄ፦ ስለ እስያ ቅይጥ ማዕድ

ደሴ

ውድ ልጄ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አባትሽም፣ ታናናሾችሽም፣ እኔም አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ምግብ ቤቱም እንደ ወትሮው ሥራ ላይ ነው። ለትምህርትሽ መጨረሻ ፈተና የሀገራችንን ምግብ ከእስያ ምግብ ጋር ያገናኘ ማዕድ ለማቅረብ እንዳሰብሽ ጽፈሽልኝ ነበር፤ ዱባይ ታላቅ ወንድምሽ ዘንድ በሄድኩ ጊዜ የእስያን ምግብ ከሌላ አገር ምግብ ጋር በሚቀይጥ ምግብ ቤት የበላሁትንም እንድነግርሽ ጠይቀሻል። በስልክ ብናወራው ግማሹ ስለሚዘነጋ፣ አንቺም ወጥ ቤት ገብተሽ ስትሠሪ መልሰሽ ልታዪው ስለምትፈልጊ፣ በጽሑፍ ይሁን ብዬ ተቀምጫለሁ።

ወንድምሽ የወሰደኝ ከተማው የምግብ ፌስቲቫሉን በሚያካሂድበት ሰሞን ነው። የዱባይ የምግብ ፌስቲቫል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 የተጀመረ ሲሆን፣ በእነዚያ ቀናት ብዙ ሬስቶራንቶች፣ ውድ የሚባሉት ሳይቀሩ፣ አስቀድሞ በተቆረጠ ዋጋ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ምግብ ያቀርባሉ። ኒውዮርክም በ1992 የዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤ በከተማዋ ሲካሄድ ምሳ በ19.92 ዶላር በማቅረብ ይህን የመሰለ ልማድ ጀምራለች። ለባለ ቤቱ ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ የሚቀርበው ምግብ ጥቂት ስለሆነ ወጥ ቤቱ አስቀድሞ ይሰናዳል፣ የሚባክነው ይቀንሳል፣ አዲስ ደንበኛም ይመጣል። ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነው፦ በእስያ አብዛኛው ሕዝብ እንደ እኛው ምግቡን መሐል አድርጎ አብሮ የሚበላ ሆኖ ሳለ፣ የፌስቲቫሉ አቀራረብ ሁሉን ለየሰው በየሳህኑ ይከፋፍለዋል። እኔና ወንድምሽ የተለያየ አዝዘን ሳህኖቹን መሐል አድርገን በላን፤ አንቺም ፈታኞችሽ ቢፈቅዱልሽ ማዕድሽን እንዲሁ ብታቀርቢው እመርጣለሁ።

መጀመሪያ የቀረበልን በስሱ የተቆረጠ ጥሬ ሳልሞን ነበር፤ ሎሚ፣ ቃሪያና ጥቂት የአኩሪ አተር ሶስ ፈሶበታል። ጃፓን ዓሣውን ጥሬውን ትበላለች እንጂ ሎሚና ቃሪያ እንዲህ አታበዛበትም፤ ይህ አሠራር የፔሩ ነው። ጃፓናውያን ሠራተኞች በ1899 በመርከብ ወደ ፔሩ ገብተው በዚያው ሲቀሩ፣ የእነርሱ የዓሣ አቆራረጥና የአገሬው በሎሚ የሚዘጋጅ ዓሣ በልጅ ልጆቻቸው ጓዳ ተጋብተው አንድ የምግብ ዓይነት ወለዱ። በዓለም ዙሪያ ስሙ የገነነው ሼፍ ኖቡ ማትሱሂሳም በወጣትነቱ ሊማ ውስጥ ሠርቶ ያንን ትምህርት ይዞ ነው በ1987 በአሜሪካ ቤቨርሊ ሂልስ የራሱን ሬስቶራንት የከፈተው። ይህን ያነሣሁልሽ፣ በአፌ ውስጥ ሎሚው፣ ቃሪያውና ዓሣው ያለ ጠብ የተስማሙት ለዘመናት አብረው ስለኖሩ መሆኑን እንድታስተውዪ ነው። አንቺ ያንን ያህል ዘመን የለሽም፤ ስለዚህ የምታገናኚያቸው ነገሮች ለምን እንደሚስማሙ አስቀድመሽ ማወቅ ይኖርብሻል።

ጥሬ ዓሣ እንዴት በላሽ እንደምትዪኝ አውቃለሁ። በቁርጥና በክትፎ ያደገ ሰው ጥሬ ነገር አያስደነግጠውም፤ ነገር ግን ኮሶ ከየት እንደሚመጣ የምናውቅ ሰዎች ስለ ዓሣውም መጠየቅ አለብን። ዓሣም ሰውን የሚጎዱ ጥገኛ ትሎች ሊኖሩት ስለሚችሉ፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ጥሬ የሚበሉ ብዙ የዓሣ ዓይነቶች ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ7 ቀናት እንዲቀዘቅዙ ይመክራል። የቤት ማቀዝቀዣ ይህን ቅዝቃዜ ጠብቆ ስለመቆየቱ እርግጠኛ መሆን አይቻልም፣ መብራት ሲጠፋማ ጭራሽ አይታሰብም። ስለዚህ የሐይቅን ቆሮሶ ለመጠቀም ያሰብሽው ሐሳብ እጅግ ደስ ቢያሰኘኝም፣ ጥሬውን እንዳታቀርቢ አደራ እልሻለሁ፤ ጨው የሌለበት ውኃ ዓሣ በዚህ ረገድ ይበልጥ ያሰጋል። ዝንጅብልና ቀይ ሽንኩርት ከላዩ አድርገሽ በእንፋሎት ብታበስዪው፣ መጨረሻ ላይ የጋለ የሰሊጥ ዘይት ብታፈሺበት፣ ቻይናውያን ዓሣ ከሚሠሩበት መንገድ ብዙም ሳትርቂ የሐይቁን ዓሣ ጣዕም ታወጪዋለሽ።

ቀጥሎ የመጣው በእንፋሎት የበሰለ ነጭ ዳቦ ነው፤ ባኦ ይሉታል፣ ልስላሴው የሕፃን ጉንጭ ነው። በውስጡ ለረጅም ሰዓት የተቀቀለ የበሬ ጎድን ሥጋ ጎቹጃንግ በሚባለው የኮሪያ ድልህ ተለውሶ ነበር። ጎቹጃንግ ከቀይ በርበሬ፣ ከሚያጣብቅ ሩዝ፣ ከፈላ አኩሪ አተርና ከጨው ተደባልቆ በሸክላ ጋን ለወራት የሚብላላ ነው። ስቀምሰው አዋዜያችን ትዝ አለኝ፤ የእነርሱ ጣፈጥ ይላል፣ የእኛ ግን ቅመሙ ይበዛል፣ መዓዛው ቀድሞ ይመጣል። ዝምድናቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። በርበሬ የአሜሪካ አህጉር ተክል ነውና፣ ኮሎምበስ በ1492 ወደዚያ ከመጓዙ በፊት የኮሪያ ኪምቺም ሆነ የእኛ ዶሮ ወጥ በርበሬ አያውቅም ነበር፤ ከዚያ በኋላ በነጋዴዎችና በመርከበኞች እጅ ወደ እነርሱም ወደ እኛም ደረሰ። እንግዲህ አዋዜን ከእስያ ምግብ ጋር ስታገናኚ ባዕዳንን አይደለም የምታስተዋውቂው። በተለይ የሥጋውን ቅባት የሚሰብር ኮምጣጣ ነገር አብሮ መኖሩን አትርሺ፤ እዚያ በሩዝ ኮምጣጤ የተነከረ ዱባና ካሮት ነበረበት፣ ያለ እርሱ ሁለተኛውን ጉርሻ አልደግመውም ነበር።

ከሁሉ የወደድኩት ግን ሥጋ አልነበረም። ለሁለት የተሰነጠቀ ደበርጃን ሚሶ ተቀብቶ በእሳት የተጠበሰ ነው፤ ላዩ ጠቁሮ አንጸባርቋል፣ ውስጡ በማንኪያ የሚዛቅ ሆኗል። ሚሶ ማለት የተቀቀለ አኩሪ አተር ከጨውና ከሻገተ ሩዝ ወይም ገብስ ጋር ተዋህዶ ከወራት እስከ ዓመታት የሚቆይ ሊጥ ነው፤ ሻጋታው ሆን ተብሎ የሚለማ፣ ለጤና የማያሰጋ ዓይነት ነው። ያ የሚሶ ጥልቅ ጣዕም ከምን እንደሚመጣ የደረሰበት ኪኩናኤ ኢኬዳ የሚባል ጃፓናዊ ኬሚስት ነው፤ በ1908 ከባሕር አረም መረቅ ግሉታሜት የተባለውን ንጥረ ነገር ለየ፣ እርሱም ፕሮቲን ያለው እህል ሲብላላ የሚገኝ ነው። አሁን የጎረቤታችንን ስልጆ አስቢ። የባቄላውን ዱቄት በሱፍ ውኃ አብስላ፣ ሰናፍጭ ጨምራ፣ ለቀናት አብላልታ በዓቢይ ጾም ለእኛም ስትልክልን፣ ምላስ ላይ የሚቀረው ነገር ከዚያ የራቀ አይደለም። የሰናፍጩ ቁጣ አፍንጫ ድረስ ይወጣል እንጂ መሠረቱ ያው የፈላ ጥራጥሬ ነው። ደበርጃኑን በስልጆና በጥቂት ስኳር ብትቀቢው እኮ ከጃፓን ምንም ሳታስመጪ የጃፓንን አሠራር ይዘሻል። ስኳሩ ቶሎ ስለሚያርር መጀመሪያ ደበርጃኑን ለብቻው አብስዪው፣ ቅቡን መጨረሻ ላይ አድርጊ።

አንድ ያልወደድኩት ምግብም ነበር፤ ሱሺ በሚባለው የጃፓን የሩዝና የዓሣ ምግብ ስም የቀረበ፣ ሩዙ ላይ የቀለጠ ቺዝ፣ ማዮኔዝ፣ የሕንድ ካሪ ቅመምና የተጠበሰ ሽንኩርት የተከመረበት ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ቢቀርብ ይበላል። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ቺዙ ሩዙን ሸፈነው፣ ካሪው ዓሣውን ደፈቀው፣ የትኛውን እንደበላሁ ሳላውቅ ጠገብኩ። ይህን የሠራው ሰው ችሎታ አጥቶ አይመስለኝም፤ ያው ወጥ ቤት ነው ደበርጃኑን ያወጣው። ነገር ግን በፎቶ ደምቆ እንዲታይ ሲባል የተደረበ ነገር ምላስ ላይ እንደሚታወቅ አረጋግጬልሻለሁ፣ በፌስቲቫል ሰሞን ደግሞ ይህ ፈተና ለማንም ባለሙያ ይበረታል።

አሁን አብልጬ ወደማስብበት ነገር ልምጣ። ደበርጃኑን ከማዘዜ በፊት አስተናጋጁን ቅቡ ውስጥ ሚሪን አለ ወይ ብዬ እንዲጠይቅልኝ ወንድምሽን ነገርኩት፤ እርሱ ከዚያ በፊት ስለ ሚሪን ነግሮኝ ነበርና። ሚሪን ጃፓናውያን ወጥ የሚያጣፍጡበት የሩዝ መጠጥ ሲሆን አልኮሉ 14 በመቶ ያህል ይደርሳል፣ ሚሶ ቅብም ብዙ ጊዜ ያለ እርሱ አይሠራም። አስተናጋጁ የኔፓል ልጅ ነው፤ እንደማያውቅ በግልጽ ነገረን፣ ወጥ ቤት ገብቶ ጠየቀ፣ ተመልሶም በሚሪን ፋንታ የሩዝ ኮምጣጤና ስኳር እንደሚጠቀሙ፣ አንደኛው የዶሮ ምግብ ግን ለእኛ እንደማይሆን አስረዳን። የዚያን ልጅ አክብሮት እስከዛሬ አመሰግናለሁ። ፈገግ ብሎ ችግር የለውም ቢለን ኖሮ ሁላችንም አምነን እንበላ ነበር።

አንቺ ያደግሽበት ቤት ይህን ያስተምራል። እዚህ ወሎ ክርስቲያን ወዳጆቻችን በፋሲካ ሲጠሩን ሙስሊም ያረደው በግ ለብቻው ይሠራልናል፣ እኛም በዒድ ለእነርሱ እንዲሁ እናደርጋለን፤ ማንም ማንንም ሳያሳፍር፣ ሳያታልልም አንድ ቤት ይበላል። ምግብ ቤታችንም የሙስሊም ሆኖ ሳለ ረቡዕና ዓርብ ጿሚዎች በያይነቱ ሊበሉ የሚመጡት፣ የጾሙ ድስትና ጭልፋ ቅቤ እንደማይነካው ስለሚያውቁ ነው። የእስያ ምግብ በዚህ ረገድ ብዙ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አትክልት ብቻ የሚመስለው የጃፓን ሾርባ መረቁ ዳሺ ነው፣ ዳሺም አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር አረምና ከደረቀ ቦኒቶ ዓሣ ይወጣል። የታይላንድ አትክልት ጥብስ በጨው ከተብላላ ዓሣ የተጨመቀ ሶስ ይኖረዋል፣ የቻይናው ደግሞ ኦይስተር ከሚባለው የባሕር እንስሳ። በተፈጥሮ መንገድ የተጠመቀ የአኩሪ አተር ሶስ ራሱ ሲብላላ ጥቂት አልኮል ያበጃል፤ በዚህ ላይ የዑለማዎቹን አስተያየት ጠይቀሽ ወስኚ፣ እኔ ፈራጅ አይደለሁም። ለፈተናሽ በየሳህኑ አጠገብ የገባውን ሁሉ በአማርኛ፣ በጉልህ ፊደል ጻፊ። ጿሚውም ሰጋጁም እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ያንብበው። ለጾሙ ሳህን ቶፉ ይበቃሻል፤ የአኩሪ አተር ወተት ረግቶ የተጨመቀ ስለሆነ ከእንስሳ የመጣ ነገር የለውም፣ በራሱም ጣዕሙ ለስላሳ ስለሆነ በርበሬውን ደኅና አድርጎ ይይዛል።

በእንጀራ ሱሺ ልጠቅልል ወይ ብለሽ የጠየቅሽኝን እደግፋለሁ፣ ግን አሠራሩን ልብ በዪ። የሱሺ ሩዝ ኮምጣጤ፣ ስኳርና ጨው የሚገባበት ሩዙ በራሱ ኮምጣጣ ስላልሆነ ነው። እንጀራሽን እርሾው አኮምጥጦታልና በውስጡ ለምታደርጊው ነገር ኮምጣጤ አትጨምሪ፤ ይልቅ ጥቂት ጣፈጥ የሚል፣ ለምሳሌ የተጠበሰ ካሮት፣ ብታስገቢበት ይመጣጠናል። ቀጭን የጤፍ እንጀራ ምረጪ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ አታኑሪው፣ ይደርቅና ሲጠቀለል ይሰነጠቃል። ሰው ከተቀመጠ በኋላ ጠቅልለሽ፣ በስለታም ቢላ ቆርጠሽ ወዲያው አቅርቢ።

ሱፉንና ሰናፍጩን ከሰኞ ገበያ መርጬ፣ ጎረቤታችንም የስልጆውን አሠራር ከነመጠኑ ነግራኝ፣ ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ለመላክ አዘጋጅቻለሁ። ስልጆው ለመብላላት ቀናት ስለሚፈልግ የፈተናሽ ቀን ሲቆረጥ ቶሎ ጻፊልኝ፤ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ሠርተሽ ለጓደኞችሽ አቅምሺ፣ ምን እንዳሉም ሳትደብቂ ንገሪኝ። አላህ ያግዝሽ።

እናትሽ