ከሰውዬው ጋር ከመገናኘትሽ በፊት

ሂሩቴ፣ እንደምን አለሽልኝ? ተጠፋፋን አይደል? እኔ በሥራና በልጅ፣ አንቺ በራስሽ ሩጫ፤ ማን ቀድሞ ዝም እንዳለ አሁን ብንጨቃጨቅ ምን ይጠቅመናል። ቲንደር በሚባለው የመተዋወቂያ አፕ ስላገኘሽውና ከአሜሪካ ለጥምቀት መጥቶ ሊያገኝሽ ስላለው ሰው የላክሽውን ቮይስ ደጋግሜ ሰማሁት። ደስታሽ ደስ ብሎኛል፣ እውነቴን ነው። ግን "ከእማዬም ከእህቴም ደብቄዋለሁ" ያልሽው ከሆዴ አልወጣ አለኝ።

ቲንደር ላይ ሰው መተዋወቅ ነውር አይደለም። እዚህ አሜሪካ፣ ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንቱ ሐበሻ በስልኩ ተዋውቆ ሠርጉ ላይ "በዘመድ ነው የተገናኘነው" ይላል መሰለሽ! እኔን የሚያስፈራኝ ይሉኝታሽ ነው። ስለምታፍሪ ለማንም አትናገሪም፣ ስለማትናገሪ የት እንደሄድሽ፣ ከማን ጋር እንዳለሽ የሚያውቅ አይኖርም። ክፉ ሰው ከተገኘ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። "ለጊዜው በመሀላችን ይቅር" ያለሽ እሱ ከሆነ ደግሞ ለምን እንደሆነ ጠይቂው።

በቪዲዮ አውርታችኋል? ቮይሱ ላይ አላነሳሽውም። ስንት ወር ሲጽፍልሽ ከርሞ ካሜራው ሁልጊዜ የተበላሸ ከሆነ ተይው። ፎቶዎቹንም ጉግል ሌንስ ላይ ፈልጊያቸው፤ ከሌላ ሰው ገጽ የተሰረቁ ከሆኑ ሊያወጣቸው ይችላል። ባይወጡም ግን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፣ ዛሬ በኤአይ ፊቱን ቀይሮ የሚያወራም አለ።

"ፕሮሰስ እጀምርልሻለሁ" ብሎ ወደ አሜሪካ ሊወስድሽ ስላለው ነገር እዚህ ስላለሁ የማውቀውን ልንገርሽ። የእጮኛ ቪዛ ማመልከት የሚችለው የአሜሪካ ዜጋ ብቻ ነው፣ ግሪን ካርድ ያለው አይችልም። ልዩ ምክንያት ከሌለ በቀር ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት 2 ዓመታት ውስጥ በአካል መገናኘታችሁን ማሳየት አለበት። ስለዚህ ዓይንሽን ሳያይ "ፕሮሰሱ ተጀምሯል፣ ለጠበቃ ይህን ያህል ላኪ" ካለሽ ውሸት ነው። "ስጦታ ልኬልሽ ጉምሩክ ያዘው፣ ቀረጡን ክፈይ" የምትለውም የታወቀች ዘዴ ናት። ገንዘብ የጠየቀሽ ቀን፣ በምንም ምክንያት ይሁን፣ ለኔ ደውይ።

በአካል ካገኘሁት በኋላ ምን ያሰጋል ትይ ይሆናል። ሲሞን ሌቪየቭ የሚባለውን እስራኤላዊ ሰምተሻል? በቲንደር የተዋወቃቸውን ሴቶች በአካል አግኝቶ፣ ውድ ሆቴል ወስዶ፣ በግል አውሮፕላን ሳይቀር አንሸራሽሮ፣ ኋላ ላይ "ጠላቶቼ ሊገድሉኝ ነው" እያለ ባንክ ያስበድራቸው ነበር። በ2019 አገሩ ውስጥ በሌላ የማጭበርበር ክስ 15 ወር ተፈርዶበት 5 ወር ብቻ ታስሮ ወጣ። ሴቶቹ ግን ዕዳቸውን ተሸክመው ቀሩ።

ለጥምቀት መምጣቱ እውነት ከሆነ ቦታውን አንቺ ምረጪ። በቀን፣ ሰው የሚበዛበት ካፌ፣ አስተናጋጆቹ የሚያውቁሽ ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ጥሩ። "ቦሌ ጌስት ሃውስ ይዣለሁ፣ መንገድ አድክሞኛል፣ እዚሁ ነይ" ቢልሽ አትሂጂ፤ ከደከመው ተኝቶ በማግስቱ ያገኝሻል። በራስሽ ራይድ ሂጂ፣ በራስሽ ራይድ ተመለሺ፣ ሰፈርሽን ገና አታሳዪው። መጠጥሽን ትተሽ ከተነሳሽ ስትመለሺ ሌላ እዘዢ። ስትወጪ ቴሌግራም ላይ ላይቭ ሎኬሽንሽን ክፈቺልኝ። እዚህ ገና ጎህ ሳይቀድ ቢሆንም እነሳለሁ፣ ችግር የለም። ቅር ካለሽ "እማዬ አሟታል" ብለሽ ውልቅ በይ፣ ማንም ማብራሪያ አይጠይቅሽም።

ይቀየመኛል ትያለሽ፣ አውቅሻለሁ። ይቀየም! ለመጀመሪያ ቀን ካፌ እንገናኝ ስላልሽው የሚያኮርፍ ሰው ከተጋባችሁ በኋላ ምን ሊሆን ነው? እርቃንሽን ፎቶ ላኪ የሚል ከሆነማ ጭራሽ አንነጋገርበት፣ ብሎክ።

ለማንኛውም ሙሉ ስሙን፣ የሚኖርበትን ከተማና የሚሠራበትን ላኪልኝ። እዚሁ ዲሲ አካባቢ ከሆነ በቤተ ክርስቲያንም በዕድርም የሚያውቀው አይጠፋም፣ ሳላስነቃ አጣራልሻለሁ። ለእህትሽም ንገሪያት፣ እሷ እዚያው ቅርብሽ ናት፤ ትንሽ ብትስቅብሽ ነው። እማማን ሳሚልኝ። ደግሞ ቮይስ ሳይሆን ደውይ፣ እሑድ ቤት ነኝ።