ዛፍ አትትከሉ ብዬ እንዴት ልናገር?

ውድ ጓደኛዬ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኝ መልስ ሳልሰጥሽ ይህን ያህል ጊዜ ማለፉ ይከነክነኛል። ይቅር በይኝ፤ ምክንያቱን በአካል ስንገናኝ እናወራዋለን። ልጆቹ ደኅና ናቸው፤ እናቴም ከጉልበቷ ሕመም በቀር ደኅና ናት። ዛሬ ብዕር ያስያዘኝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዕድሜሽን በችግኝ ጣቢያ የፈጀሽ፣ በአንገረቡ ግራር የተነሣ ቀበሌውን ሁሉ ያስጨነቅሽ ሴት አንቺ ነሽና (አልረሳሁትም!) ሌላ ማንን ላማክር?

ነገሩ የአንዲት እንሽላሊት ነገር ነው። አትሳቂ።

በደቡብ እስራኤል ካለችው ከተማችን ከቤር ሼቫ (መጽሐፍ ቅዱስ ቤርሳቤህ ከሚላት) ወጣ ሲባል ሰፊ ሜዳ አለ። ነፋስ ከጥንት ጀምሮ ያከማቸው ደቃቅ ቢጫማ አፈር፣ እዚህም እዚያም ጉልበት የማይደርስ ቁጥቋጦ፣ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ዝናቡ በዓመት 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በጎንደር ዓይን ካየሽው ባዶ መሬት ነው። ይህች እንሽላሊት ግን በዓለም ላይ ከሰሜን ኔጌቭ በረሃ በቀር ሌላ አገር የላትም። ራሷን የቻለች ዝርያ መሆኗ ተለይቶ ስሟ በከተማችን የተሰየመው በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ዛሬ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት እንስሳት ተርታ ተመዝግባለች።

ባለፈው የሙቀት ወራት ከእንቁላሏ የወጣች ትንሽ ልጇን ከቅርብ አየሁ። ጀርባዋ ላይ ጥቁርና ነጭ መስመር ተዘርግቷል፤ ጭራዋ ደግሞ ሰማያዊ ነው፣ ቀለም ውስጥ ተነክሮ የወጣ ይመስላል። በጣቶቿ ዳር አሸዋ ላይ እንድትሮጥ የሚረዷት የማበጠሪያ ጥርስ የመሰሉ ቅርፊቶች ተደርድረዋል። ከቁጥቋጦ ሥር ወጥታ ትሮጣለች፣ ቀጥ ትላለች፣ እንደገና ትሮጣለች። ያ ሁሉ ውበት ለጌጥ እንዳይመስልሽ። ትንንሾቹ ምግብ ፍለጋ ከትልልቆቹ የበለጠ ገላጣ ቦታ ላይ ይሯሯጣሉ፤ ስለዚህ አዳኝ ሲመጣ ዓይኑ ራስዋን ትቶ ጭራዋ ላይ እንዲያርፍ ነው። ጭራው ተቆርጦ ሲንፈራገጥ እርሷ ጉድጓዷ ገብታለች። በኋላ ሌላ ይበቅልላታል፤ አዲሱ ግን አጥንት የለውም፣ ውስጡ ልም አጥንት ብቻ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ረጋ ማለት ስትጀምር ሰማያዊው ይጠፋና አፈር ትመስላለች። እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ ያን ሜዳ ባዶ ብዬ መጥራት አልቻልኩም።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ አላውቅም... ዛፍ ይገድላታል። በቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ድሮር ሃውሌናና ባልደረቦቹ ሜዳው ላይ ሰው ሠራሽ ዛፎች አቁመው አይተዋል፤ ውጤቱን ያወጡት በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 ነው። ቁጥቋጦ ብቻ በነበረበት ቦታ አዳኝ ወፎች ማረፊያ አገኙ፤ ከላይ ሆነው እየጠበቁ እንሽላሊቶቹን ለቀሙ። ይበልጥ የሚያሳዝነው እንሽላሊቶቹ አደጋውን አለማወቃቸው ነው። መሬቱ ያው የሚያውቁት መሬት ስለሚመስላቸው ከጎረቤት ሜዳ እየመጡ የሞቱትን ቦታ ይተካሉ፤ እነርሱም ይበላሉ።

እኔ የማስተምራቸው ሕፃናት ደግሞ የአይሁድ የዛፎች አዲስ ዓመት ለሆነው ለቱ ቢሽቫት በዓል ችግኝ ሊተክሉ የታሰበው እዚያው ሜዳ ላይ ነው። በዓሉ በብርድ ወራት ስለሚውል እንሽላሊቶቹ አብዛኞቹ ጉድጓዳቸው ውስጥ ናቸው፤ ልጆቹ አንዲትም አያዩም። ከበዓሉ በፊት የወላጆች ስብሰባ አለ፤ እኔም ለመናገር ተመዝግቤያለሁ። ሽማግሌዎቹ «አብርሃም ራሱ በቤርሳቤህ ዛፍ ተክሎ የለም ወይ?» እንደሚሉኝ ከወዲሁ ይታየኛል። ዛፍ ሲተከል የእኔም ልብ ይሞቃል፤ ያን ፍቅር ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ። ሐሳቤ ችግኙ ጥላ ባጣው የትምህርት ቤቱ ግቢና በየመንገዱ ዳር ይተከል፣ ሜዳው ግን እንዳለ ይቆይ የሚል ነው። ሙቀቱ ሲገባ ልጆቹን ወስጄ ሰማያዊውን ጭራ ላሳያቸው።

ችግኝ በእጇ ያሳደገች ሴት እንዲህ ያለውን ቃል ምን ብትባል ሳትቀየም ትሰማዋለች? እርሱን ጻፊልኝ። የምትቃወሚኝም ከሆነ ከስብሰባው በፊት ከአንቺ ብሰማው ይሻለኛል፤ እንደ ልማድሽም በሁለት መስመር እንዳታልፊኝ። ፎቶግራፍ አብሬ ልኬያለሁ፤ ከቁጥቋጦው በስተግራ ተመልከቺ። እማማን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ።

የአንቺው