ፍሪጁን ለቆራሌው እንዳትሰጡት

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቹ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ማሙሽ ከስልኩ ላይ እንደሚያነብልሽ አውቃለሁ። ማሙሽ፣ እየዘለልክ እንዳታነብ። አንተንም የሚመለከት ነገር አለበት።

ባለፈው እሁድ ስንደዋወል ማሙሽ በጨዋታ መሀል «ማድ ቤቱን ልናጸዳው ነው፣ አሮጌ አሮጌውን ቅዳሜ ለቆራሌው እንሰጠዋለን» አለኝ። እሺ ብዬ ዘጋሁ። ከዚያ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ቆይ፣ የትኛውን አሮጌ? ያንን ፍሪጅ ነው እንዴ? መልሼ እንዳልደውል እናንተ ጋ ገና አልነጋም። ጥፋቱ የኔ እንደሆነም አውቃለሁ። አዲስ ፍሪጅ ግዙ ብዬ ብሩን የላክሁት እኔው ነኝ፣ አሮጌው የት ይገባል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ወደ ፍሪጁ እመለሳለሁ። መጀመሪያ እዚህ ቤቴ ውስጥ ስላለች አንዲት አሮጊት ልንገርሽ። ሰው አይደለችም፣ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ናት።

ከሦስት ዓመት በፊት እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ይህን ቤት ስንገዛ የሸጡልን የቤቱ ባለቤት የነበረች አንዲት ሟች ሴትዮ ልጆች ነበሩ። ሴትዮዋ ማድ ቤቷን ከድሮ ጀምሮ ነክታው አታውቅም። ዕቃ ማጠቢያዋ አረንጓዴ ነበረች፣ ግን የሳር አረንጓዴ እንዳይመስልሽ። አቮካዶ ስትቆርጪው ውስጡ ልጣጩ አጠገብ የሚይዘው ቀለም አለ አይደል? እሱ። በፈረንጅ 1960ዎቹና 70ዎቹ (ከዚህ በኋላ የምጠራልሽ ዓመትም ሁሉ በፈረንጅ ነው) የአሜሪካ ማድ ቤት በዚህ ቀለም አብዶ ነበር፤ ፍሪጁም፣ ምድጃውም፣ ማጠቢያውም አቮካዶ። አቮካዶ ያልወደደ ደግሞ የደረሰ ስንዴ የሚመስል ቢጫ ይገዛ ነበር። ባለቤቴ ገና ስታያት «ይቺ ነገማ ትወጣለች» አለች። እኔም አልተቃወምኩም። ጎንበስ ብዬ ስሟን እስካነብ ድረስ። ኪችንኤድ ይላል። ከስር በትንሹ ደግሞ ሆባርት፣ ትሮይ፣ ኦሃዮ። ሆባርት የሚለውን ሳይ ክው አልኩ።

እማዬ፣ ይሄን ነገር እስከዛሬ ደብቄሽ ነበር። እንደመጣሁ ሰሞን ሆቴል ነው የምሰራው ብዬሽ ነበር፣ ትዝ ይልሻል? አንቺ ለእድርተኛው ሁሉ «ልጄ እንግዳ ተቀባይ ሆነ» ብለሽ አወራሽ። እኔም አላረምኩሽም። እውነቱን ለመናገር እዚያ ሆቴል ሁለት ዓመት ስሰራ አንድም እንግዳ አልተቀበልኩም። ከኋላ፣ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ዕቃ አጣቢ ነበርኩ። በእንግሊዝኛ ዕቃ የሚያጥበው ሰውም ማሽኑም ስማቸው አንድ ነው፣ ዲሽዋሸር። አለቃዬ «ዲሽዋሸሩ የት ሄደ?» ሲል እኔን ነው፣ «ዲሽዋሸሩ ተበላሸ» ሲል እሱን ነው። አንዳንድ ቀን ሁለታችንንም ነው።

እሱ ማሽን ነበር ሆባርት። ብረት በብረት የሆነ፣ የቁም ሳጥን የሚያህል። እጀታውን ወደ ላይ ስታነሺው መክደኛው ሙሉ ለሙሉ ይነሳል፣ ሳህን የተደረደረበትን ቅርጫት ትገፊዋለሽ፣ ትዘጊዋለሽ፣ አንድ ደቂቃ ያህል ይንጫጫል፣ አለቀ። መጨረሻ የሚያለቀልቅበት ውሃ 82 ዲግሪ ነው። ስትከፍቺው እንፋሎቱ የዶሮ ወጥ ድስት ሲገለጥ እንደሚመታሽ ነው ፊትሽን የሚመታሽ፣ ሽታው ግን የሳሙና። ሳህኑ ከመጋሉ የተነሳ ፎጣ ሳይነካው ይደርቃል። የመጀመሪያውን ወር ጣቶቼ ተልጠው ነበር። በስልክ «እጅህን ምን ሆነሃል?» ብለሽ እንዳትጠይቂኝ ያኔ የቪዲዮ ጥሪ አለመኖሩ በጀኝ።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። አለቃዬ በመጀመሪያው ቀን ሥራ ሊያሳየኝ ሲል «መጀመሪያ ብርጭቆ፣ ቀጥሎ ሳህን፣ ድስት መጨረሻ» አለኝ። ሳቄ መጣ። ይሄንን አንቺ ግቢ ውስጥ በሰባት ዓመቴ ተምሬው የለ እንዴ! ሁለት ሳፋ፣ አንዱ ማጠቢያ፣ አንዱ መለቅለቂያ። የድስቱን ቂጥ በአመድና በሽቦ። ከዚያ ሁሉም ተደፍቶ ፀሐይ ላይ። የመጨረሻውን ውሃ ደግሞ አቧራ እንዳይነሳ ግቢው ላይ ትረጪው ነበር። ሆቴሉ ውስጥ ከሁሉ የገረመኝ ያ ሁሉ ውሃ ምንም ሳይረጭበት መሄዱ ነው።

ወደ አሮጊቷ ልመለስ። ባለቤቴ እንዳለችው ከቦታዋ ወጣች። ምድር ቤት አወረድናት፣ ለሁለት ሰው እንኳ ከብዳን ደረጃው ላይ ልትገድለን ነበር። በቦታዋ አዲስ ገባች። የማን ምርት እንደሆነች አልናገርም። ድምጿ አይሰማም፣ በሯ እንደ መስታወት ነው፣ ከስልክ ጋር ትነጋገራለች፣ አጠባ ስትጨርስ መልእክት ትልክልኛለች። ሥራ ቦታ ተቀምጬ ስልኬ ይንቃጨላል፣ ከቤት መስሎኝ ሳየው ዕቃ ታጥቧል ይላል። ለነገሩ እዚህ ያለን አበሾች ብዙዎቻችን ዲሽዋሸሩን መደርደሪያ ነው ያደረግነው። በእጃችን አጥበን እሱ ውስጥ እናንጠባጥባለን። የአንዳንዱ ቤት ውስጡ ሲከፈት ትርፍ ድስትና የላስቲክ ዕቃ ነው የምታገኚው። እኛ ግን በሁለት ልጅና በሁለት ሥራ አልቻልንም፣ እንጠቀምበት ነበር።

ሁለት ዓመት ከምናምን ሠራችና አንድ ማታ ቀጥ አለች። መብራቶቿ ብልጭ ብልጭ ይላሉ እንጂ አትሠራም። ጠጋኙ መጣ፣ ከፈተ፣ አንዲት የእጅ መዳፍ የምታህል ሰሌዳ አሳየኝና ይቺ ተቃጥላለች አለ። ዋጋዋ የማሽኑን ግማሽ ነው። መጠገን አይቻልም ወይ ስለው እንደ ሞኝ አየኝ። አንድ ሽቦ ፈልጎ የሚበይድ ሰው የለም። ያንቺ የኤሌክትሪክ ምጣድ ስንት ጊዜ ነው ሽቦው የተበጠሰው? ሰፈር ያለው ልጅ ይመጣል፣ ሸክላውን ይገለብጣል፣ ሽቦውን ቀጥሎ እዚያው ቦዩ ውስጥ ይመልሰዋል፣ ቡና ጠጥቶ ይሄዳል። ቅዳሜ ሰፈሩ ሁሉ ሲጋግር መብራቱ ይደክማል፣ ግን እንጀራው ይወጣል።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ነው። የሆነውን ስነግረው «ያቺን አረንጓዴዋን ጣልካት እንዴ?» አለ። ምድር ቤት ናት ስለው ጫማውን እንኳ በደንብ ሳያስር መጣ። እዚህ አገር የዕቃ ማጠቢያ የተለመደ ወርዱ 24 ኢንች ነው፣ ያኔም አሁንም። የአዲሷ ቦታ ላይ አሮጊቷ ምንም ሳትቆረጥ ልክክ አለች። ቆማ ስለከረመች ላስቲኮቿ ደርቀው ታፈስ ነበር፣ እነሱን ቀየርናቸው። ያ ብቻ ነው። ሽማግሌው ሁለተኛ እንዳትደርቅ ሳትሠራ ከሰነበተች አንድ ኩባያ ውሃ ጨምርባት ብሎኝ ሄደ።

ብታያት ደስ ትልሻለች። ውስጧ እንደ ድሮው የኢናሜል ሳህናችን ነው፣ ብረት ላይ የተቀባ መስታወት መሳይ ነገር። አንድ ጥግ ላይ ትንሽ ተፈርፍራ ጥቁር ሆናለች፣ ልክ አባዬ ይበላበት የነበረው ሳህን ጠርዝ። ፊቷ ላይ አንድ ክብ መዘውር አለ። እሱን ታዞሪዋለሽ፣ ከዚያ በራሱ እንደ ሰዓት ቀስ እያለ ይዞራል፣ ቀጭ ባለ ቁጥር ሥራ ይቀይራል። ቀጭ፣ ውሃ ይገባል። ቀጭ፣ ታጥባለች። ቀጭ፣ ታፈስሳለች። ምን ላይ እንደደረሰች ከሳሎን ሆነሽ በጆሮሽ ታውቂያለሽ። ልጆቹ መጀመሪያ ፈርተዋት ነበር፣ አሁን ካልጮኸች አይተኙም።

ዕቃ ማጠቢያ እንዲህ ገበያ ላይ እንዲውል ያደረገችው ማን እንደሆነች ሳነብ አንቺ ነሽ የመጣሽብኝ። ጆሴፊን ኮክሬን ትባላለች፣ ኢሊኖይ ውስጥ ሼልቢቪል የምትባል ከተማ የምትኖር እመቤት። ውድ ሸክላ ሳህኖች ነበሯት። ሠራተኞቿ ሲያጥቡ ጠርዝ ጠርዛቸውን እየሸረፉባት ተናደደች። ራሷ ታጥብ ጀመር። እሱም ሰለቻት። ከዚያ የሳህኖቿን ልክ ወስዳ ለእያንዳንዳቸው የሽቦ ማቀፊያ ሠራች፣ ማቀፊያዎቹን መንኮራኩር ላይ አሰለፈች፣ መንኮራኩሩን መዳብ ጋን ውስጥ አስተኝታ የሳሙና ውሃ ከስር እንዲረጭበት አደረገች። ባሏ መሀል ላይ ዕዳ ትቶባት ሞተ፣ ስለዚህ ነገሩ የእንጀራ ጉዳይም ሆነ። በ1886፣ አዲስ አበባ በተቆረቆረችበት ዘመን አካባቢ መሆኑ ነው፣ የፈጠራ መብቱን አገኘች። በ1893 ቺካጎ በነበረው ትልቅ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ አሳየችው፣ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ገዙት። ኩባንያዋን በኋላ የገዛው ሆባርት ነው፣ በ1949 ለቤት የሚሆነውን ኪችንኤድ ብሎ ያወጣው። በ1986 ደግሞ ኪችንኤድ ዊርልፑል ለሚባል ሌላ ኩባንያ ተሸጠ። እንግዲህ የሆቴሉ ማሽንና የቤቴ አሮጊት የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

አንቺም ቡፌው ውስጥ ያሉትን ባለ አበባ ሳህኖች ሌላ ሰው እንዲያጥባቸው አትፈቅጂም ነበር። ለፋሲካ ይወጣሉ፣ አንቺው ታጥቢያቸዋለሽ፣ ቆጥረሽ ትመልሻቸዋለሽ። አሥራ አንድ የሆኑት በኔ ምክንያት ነው፣ እሱንስ ታውቂዋለሽ።

አሮጌ ሁሉ ደግ ነው እያልኩ እንዳይመስልሽ። አሮጊቷ ውሃ ጠጪ ናት። ከ1994 በፊት የተሠሩት አንዴ ሲያጥቡ ወደ 40 ሊትር ይጨርሳሉ፣ ሁለት ቢጫ ጀሪካን በይው። ዛሬ ቆጣቢ የሚባሉት 13 ሊትር ይበቃቸዋል። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር ብትሆን ይቺን ማሽን እኔው ራሴ ለቆራሌው እሰጣት ነበር። ሽማግሌው ጎረቤቴ ደግሞ «የድሮ ማሽን እንደ ድሮው የማያጥበው ሳሙናው ስለተቀየረ ነው» ይላል። እውነት አለው። በ2010 ኦሃዮን ጨምሮ ብዙ ግዛቶች ከዲሽዋሸር ሳሙና ውስጥ ፎስፌት የሚባለው ኬሚካል እንዲወጣ አድርገዋል። ሐይቅ ውስጥ ሲገባ አልጌ የሚባለውን የውሃ ላይ አረንጓዴ ነገር እያደለበ ውሃውን ስለሚያበላሸው ነው። ጣና ላይ እምቦጭ ምን እንዳደረገ ላየ ሰው ይሄ አያከራክርም። ብርጭቆው ትንሽ ነጣ ቢል ምን ይሆናል።

አሁን ወደ ፍሪጁ። አባዬ በደርግ ጊዜ ከአገር ከሚወጣ ፈረንጅ ገዝቶት አራት ሰው ተሸክሞት የገባው። ትከሻው ክብ የሆነው፣ ወፍራም እጀታ ያለው። ማድ ቤት ሳይሆን ሳሎን ነበር የሚቀመጠው፣ እንግዳ እንዲያየው። አናቱ ላይ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ የላስቲክ አበባ። ቁልፍ ነበረው! ለልጆቼ ፍሪጅ ይቆለፍ ነበር ስላቸው አያምኑኝም። ቁልፉ ነጠላሽ ጫፍ ላይ ታስሮ ነበር የሚውለው። ሞተሩ ከቆመ በኋላ ማድ ቤት ገብቶ የሽሮና የበርበሬ ማስቀመጫ ሆነ፣ አይጥ የማይደፍረው ጎተራ።

ስለዚህ ማሙሽ፣ በደንብ ስማኝ። የላምባ ምድጃውን ስጥ። ጭሱ ዓይናችንን ያጠፋ ነበር፣ አልናፍቀውም። የተቀደደውን ጀሪካን ስጥ። ምጣዱን አትንካ። ፍሪጁን ግን በምንም ዓይነት። ቦታ ካስቸገራችሁ በረንዳ ላይ አውጡት፣ ነገር ግን የበሩን መቆለፊያ ንቀለው፣ ወይም በሩን ጭራሽ አውልቀው። የድሮ ፍሪጅ አንዴ ከተዘጋ ከውስጥ አይከፈትም። እዚህ አገር ሕፃናት ለጨዋታ ገብተው እየታፈኑ ስለሞቱ በ1956 ፍሪጅ ሁሉ ከውስጥ ተገፍቶ እንዲከፈት የሚያስገድድ ሕግ ወጥቷል። ያንተም ልጅ አሁን መሄድ ጀምራለች።

መቆለፊያውን ስትነቅል እንዳትጥለው። ከነቁልፉ በርበሬውን ለሚያመጣልኝ ሰው ስጥልኝ። ቁልፉ ከጠፋም ግድ የለም፣ በማንኪያ እጀታ ይከፈታል። እማዬ፣ ይሄንን ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የዚያ የፋሲካውን ሚሪንዳ የጠጣሁት እኔ ነኝ። ማሙሽ በከንቱ ነው የተገረፈው።

ልጅሽ፣ ከኮሎምበስ